በቴሌቪዥኑ አዛን ማፍጠር ይቻላል? የረመዳን አንድ ቀን በአዳማ

ረመዳን ሲገባ በአዳማ በብዙ ቤቶች ቴሌቪዥን የሚከፈትበት ሰዓት ይለወጣል። በሌላው ጊዜ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚበራው ቴሌቪዥን በዚህ ወር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ የሱሑሩ ምግብ ምድጃ ላይ ሲጣድ ይበራል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ቁርኣን ይሰማበታል። ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ደግሞ የቤቱ ሁሉ ሰዓት ትሆናለች። ልጆቹን የሚቀሰቅሰው አባት፣ የመጨረሻዋን ብርጭቆ ውኃ የሚጠጣው ወጣት፣ መድኃኒቷን ከሱብሒ በፊት መዋጥ ያለባት አያት፣ ሁሉም ዓይናቸውን ወደዚያች ጥግ ይወረውራሉ።

አዳማ ይህን ጉዳይ ለማንሳት የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ቴሌቪዥን ተመልካች ብቻ አይደለችም፤ አሰራጭም ናት። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ፣ ሰዉ በአጭሩ ኦቢኤን የሚለው የክልሉ ጣቢያ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ተብሎ የተቋቋመው ይህ ጣቢያ በዋናነት በአፋን ኦሮሞ፣ በተጨማሪም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ያሰራጫል። ከዚህ ከተማ የሚወጣው ምስል ምዕራብ ወለጋም ምሥራቅ ሐረርጌም ይደርሳል። ይህ ስፋት በረመዳን አንድ ጥያቄ ያስነሳል፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የሕዝብ ጣቢያ የሃይማኖት ጣቢያ አይደለም። እንደ አፍሪካ ቲቪ፣ ነሲሓ ወይም ሚንበር ቀኑን ሙሉ በዲን ጉዳይ ላይ አይቆይም። ዜና አለው፣ ግብርና አለው፣ ኳስ አለው፣ የልጆች ሰዓት አለው፣ ሙዚቃ አለው። በረመዳን በዚህ ሁሉ መካከል የኡስታዞች ትምህርት፣ መንዙማና የኢፍጣር ዝግጅት ይገባበታል። አንድ ጾመኛ ቤተሰብ ሪሞቱን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚውለውም ለዚህ ነው። ጠዋት የመስኖ ሽንኩርት ዋጋ ይሰማል፤ ማታ ተፍሲር ይሰማል።

የሽንኩርቱ ነገር ቀላል አይደለም። መቂና ባቱ በቲማቲምና በሽንኩርት የሚታወቁ ናቸው፤ በረመዳን የእያንዳንዱ ቤት ሾርባና ሳምቡሳ በእነርሱ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የጠዋቱን የገበያ ወሬ ከሁሉ በላይ አተኩረው የሚሰሙት እናቶች ናቸው። ወንጂ ቅርባችን ሆኖ እንኳን ስኳር የሚወደድበት ወር ቢኖር ይኸው ወር ነው።

ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት የልጆች ነው። በኢትዮጵያ የጾሙ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከ13 ሰዓት ጥቂት ከፍ ይላል። የአውሮፓን በጋ 18 ሰዓት ለሚጾሙ ዘመዶቻችን ይህ እንደ ጸጋ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ በአዳማ ሙቀት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ልጹም ላለ የ10 ዓመት ልጅ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ አያልቅም። ወላጆችም ልጁን የሚያስረሳላቸውን ነገር ይፈልጋሉ፤ ቴሌቪዥኑ ቅርብ ነው።

የቀድሞው ትውልድ በዚህ ሰዓት የሚያየው ጥቂት ነበር። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ጊዜ ተረት ሲነግሩ ያደጉት የዛሬ አያቶችና አባቶች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ናቸው፤ ተረቱን የሚጠብቁት በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜም ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ልጆች ፀሐይ መማር ትወዳለች የሚለውን የአሻንጉሊት ቀጭኔ ዝግጅት አይተው አድገዋል። የአሁኖቹ ግን ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ ካርቱን አላቸው።

ችግሩ ካርቱኑ ላይ አይደለም፤ በመካከሉ የሚገባው ላይ ነው። የዘይት፣ የጁስ፣ የፓስታ ማስታወቂያ በየ10 ደቂቃው ይመጣል። የምግብ አሠራር ዝግጅቶችም በረመዳን ይበዛሉ፣ ያውም ሆድ በሚጮኽበት ሰዓት። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ስለገጠመ የጣቢያዎቹ ምግብ አብሳይ በሁለት ጾም መካከል ቆሟል፤ ለአንዱ ተመልካች ሥጋና ወተት የሌለበት፣ ለሌላው ለማፍጠሪያ የሚሆን። ምስር ሳምቡሳና የአጃ ሾርባ ሁለቱንም ያስማማሉ። አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ የሚኖሩ የሁለቱ ጾም ጎረቤቶች ይህን ካወቁት ቆይተዋል።

እናቶች ከቴሌቪዥኑ ጋር ያላቸው ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ከመግሪብ በፊት ያለችው ሰዓት የዱዓ ሰዓት ናት። በብዙ ቤት ግን ወንዶቹና ልጆቹ ስክሪን ፊት ተቀምጠው፣ ሴቶቹ ማድ ቤት እየተሯሯጡ ታልፋለች። በዚህ ጸሐፊ እምነት ያቺን አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሳምቡሳውን አብሮ መጠቅለል ለማንም ቤት አይከብድም። ልጅም ቢሆን የሚጠቀልለው ነገር ካለው ረኃቡን ይረሳል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ፀሐይ ስትጠልቅ በስክሪኑ አዛን ይሰማል፤ ቴምሩ ይነሳል። ያ አዛን ግን የየትኛው ከተማ ነው?

መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የአራት ደቂቃ ልዩነት አለ። ወደ ምሥራቅ የተጠጋ ከተማ ፀሐይ ቀድማ ትጠልቅበታለች፣ ወደ ምዕራብ የራቀው ይዘገያል። አዲስ አበባ በ38.75 ዲግሪ ገደማ፣ አዳማ በ39.27 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሁለት ደቂቃ ነው። ስለዚህ አዳማ ውስጥ የአዲስ አበባን አዛን ሰምቶ የሚያፈጥር ሰው ሁለት ደቂቃ ይዘገያል እንጂ ጾሙ አይነካም። መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያሉ ያህል ናቸው፤ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወደ መተሐራ ሲኬድ አምስት ደቂቃ ገደማ ይቀድማል።

ራቅ ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ 12 ደቂቃ ገደማ፣ ሐረር 13፣ ጅግጅጋ 16 ደቂቃ ቀድመው ያፈጥራሉ። ጅማ በአንጻሩ ስምንት ደቂቃ ገደማ ትዘገያለች፣ ነቀምቴ ወደ ዘጠኝ፣ ደምቢ ዶሎ ወደ 16። ኦሮሚያን ብቻ ብንወስድ ከደምቢ ዶሎ እስከ ባቢሌ ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት ይሞላል። አዳማ ላይ ሆኖ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አንድ አዛን የሚያሰማ ጣቢያ ለአንዱ ቢቀድም ለሌላው ይዘገያል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ለጅግጅጋ ቤተሰብ ጉዳቱ መለስተኛ ነው። ጾሙ ይሟላል፤ የሚያመልጠው ፀሐይ እንደጠለቀች ቶሎ የማፍጠር ሱና ነው። የጅማው ግን ስምንት ደቂቃ ቀድሞ በልቷል። ይህ ደግሞ አዲስ ጉዳይ አይደለም። አስማእ ቢንት አቢበክር ባስተላለፉት ሐዲስ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በአንድ ደመናማ ቀን ሰዎች ካፈጠሩ በኋላ ፀሐይ ብቅ ብላ ነበር። ከዚህ ተነስተው አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት መጥለቋን አስቦ ቀድሞ ያፈጠረ ሰው ያንን ቀን ቀዳ ያወጣል ይላሉ፤ የለም፣ አያስፈልገውም ያሉም አሉ። ወደዚህ ክርክር ላለመግባት መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የሰፈሩ መስጊድ ሙአዚን በቦታው ያለ ሰው ነው።

በነቢዩ መዲና ራሷ ሁለት ሙአዚኖች ነበሩ። ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ያዝኑ ነበር፤ ሰዉ ግን ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም እስኪያዝኑ ድረስ እንዲበላና እንዲጠጣ ተነግሮታል። ያኔም ጾመኛ አዛን መስማቱ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ የማን ድምፅ እንደሆነ መለየት ነበረበት።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንድ ሌላ ማሳሳቻ አለ። ፀሐይ በምዕራብ ካለው ኮረብታ ጀርባ ስትገባ የጠለቀች ይመስላል፤ ከሸለቆው ወለል ላይ ጥላ ቶሎ ይወድቃል። ከኮረብታው ማዶ ግን ገና ብርሃን ነው። የመግሪብ ሰዓት የሚወሰነው በአድማሱ እንጂ በኮረብታው አይደለም። ስለዚህ ዓይንም ብቻውን አይታመንም፤ መስጊዱ የሚያወጣው የሰዓት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። የሕዝብ ጣቢያዎቻችን በረመዳን ምሽት በስክሪኑ ግርጌ የ10 እና የ15 ከተሞችን የመግሪብ ሰዓት ቢያሳልፉ ለተመልካቹ ከብዙ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት የበለጠ ይጠቅሙታል። ወጪ የለውም፤ የአየር ሁኔታውን የሚያሳልፉት በዚያው መስመር ነው።

በብዙ ቤቶች የሚታየው ሌላው ምስል የመካ ነው። ከሐረም በቀጥታ የሚተላለፈውን ሥርጭት ማየት የሚወዱ አያቶች ጥቂት አይደሉም። የሚገርመው መካ ከአዳማ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ በ39.8 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። አዳማ ውስጥ ቂብላው ወደ ሰሜን ከትንሽ የምሥራቅ ዝንባሌ ጋር የሆነውም ለዚህ ነው። የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። ይህ ብዙዎችን ያዘናጋል። ሰዓቱ አንድ ስለሆነ መግሪቡም አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም። መካ ወደ ሰሜን ስለምትርቅ በክረምቷ ወራት ቀኗ ከእኛ ያጥራል። በየካቲት አጋማሽ የመካ መግሪብ ከአዳማ ከ10 ደቂቃ በላይ ይቀድማል፤ በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት ደግሞ ቀንና ሌሊት ሲተካከል ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ይወርዳል። በመካ አዛን ቴምር የሚያነሳ የአዳማ ሰው በረመዳኑ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሚያጋጥመው ነገር እኩል አይደለም፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ቀድሟል።

የመካን ሥርጭት ለማግኘት ደግሞ ዲሽ ጣጣ አለው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀመር የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ተሰበሰቡ። ዓረብኛ ጣቢያዎች የሚበዙበት ናይልሳት ግን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። የመጀመሪያው ከአዳማ ሲታይ ወደ ሰማይ ከፍ ብሎ በምሥራቅ በኩል፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ በምዕራብ በኩል ነው። በአንድ ዲሽ ሁለቱን መያዝ አይቻልም። ስለዚህ የአዳማን ጣራዎች ቀና ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ዲሽ ያለው ቤት መርጧል፤ ሁለት ያለው ቤት አልመረጠም። የዲሽ ሠራተኞችም ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት የሚፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢፍጣሩ አልቆ፣ ሻዩ ተጠጥቶ፣ ወደ ዒሻ ሲኬድ ቴሌቪዥኑ ዋናውን ፈተና ይጀምራል። ተራዊህ የሚሰገድበት ሰዓት ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የቀኑ ዋና ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የሁለት ሰዓት ዜና በብዙ ቤት ከእራት ጋር ተለምዶ የቆየ ነው፤ በረመዳን ግን ሁለት ሰዓት ሲሞላ ወንዶቹና ብዙ ሴቶች መስጊድ ናቸው። ዜናውን ቤት የቀሩ ሰምተው ለሚመለሱት ይነግራሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቃና በአማርኛ ያመጣቸው የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች አሉ። የዓረቡ ዓለም ጣቢያዎች የዓመቱን ትልልቅ ድራማዎቻቸውን ለረመዳን አስቀምጠው በ30 ክፍል ይለቃሉ። በካይሮ ረመዳንና ቴሌቪዥን ከ1960ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው፤ ቤተሰቡ ከኢፍጣር በኋላ ተሰብስቦ የሚያየው እንቆቅልሽና ድራማ የወሩ አካል ሆኗል። እዚያም ቢሆን ድራማው ተራዊህን እየሻማ ነው የሚል ወቀሳ በየዓመቱ ይነሳል።

እኛ ጋር ክፍተቱ በተቃራኒው ነው። ስለ ረመዳን ቤተሰብ፣ ስለ አርሲና ባሌ ገጠር፣ ስለ መድረሳ ልጆች፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተሠርቶ በዚህ ወር የሚታይ ድራማ ከመንዙማውና ከትምህርቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ወጣቱ የራሱን ቤት የሚመስል ነገር ስክሪን ላይ ካጣ የኢስታንቡሉን ሀብታም ቤት ቢያይ አይፈረድበትም። ከተራዊህ በኋላ፣ ከሌሊቱ አራት ሰዓት ገደማ የሚጀምር አንድ አጭር ድራማ ለዚህ ወር ቢሠራ ተመልካች አያጣም። በመካ በረመዳን ዒሻ ከመግሪብ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ስለሚሰገድ፣ የአዳማ ሰው ተራዊሁን ጨርሶ ሲመለስ የሐረሙ ተራዊህ ገና በግማሽ ላይ ይሆናል፤ አያቶች ሪሞቱን የሚይዙት በዚህ ሰዓት ነው።

አዳማ የሁለት ቋንቋ ከተማ በመሆኗ በአንድ ሳሎን ውስጥ ያለው ምርጫ ሌላ መልክ አለው። ከአርሲ የመጡ አያት ተፍሲሩን በአፋን ኦሮሞ ሲሰሙ እንባቸው ይመጣል፤ ከተማ ያደገው የልጅ ልጅ አማርኛው ይቀለዋል። መንዙማውም እንዲሁ ነው። የወሎው በአማርኛ፣ የባሌው በአፋን ኦሮሞ። ሸይኽ መሐመድ አወል ሐምዛን ሁለቱም ያውቋቸዋል። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የተረጎሙት ሸይኽ ሙሐመድ ረሻድ አብዱሌ ናቸው። ይህን ሁሉ ያህል ከተደከመበት በኋላ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጣቢያ፣ ተራ በተራ መስማት መቻል ለአያትና ለልጅ ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። አያቲቱ የሰሙትን ልጁ ሲጠይቃቸው፣ ልጁ የሰማውን እርሳቸው ሲያርሙት፣ ቴሌቪዥኑ ለአፍታ ቢጠፋም ወሬው ይቀጥላል። መብራት በሄደባቸው ምሽቶች ይህ ደጋግሞ ታይቷል።

እንዲህ ያለው ነገር በሕዝብ ጣቢያ መታየቱ ለቀድሞው ትውልድ የሚታሰብ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሙስሊሙ በዓላት በሕግ የታወቁ የዕረፍት ቀናት አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና ደጋፊዎቻቸው ሰልፍ ከወጡባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ ዒድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከለውጡ በኋላ ነው። በዓሉ የአገር በዓል ሲሆን የዒድ ሶላት ከአዲስ አበባ ስታዲየም በቴሌቪዥን የሚታይበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ ያንን ስርጭት ከመስገጃ ሜዳ ሲመለሱ ቁርስ ላይ ሆነው የሚያዩ ልጆች፣ እንደ ተራ ነገር ቢያዩት ደስ ይላል። አልጋ ላይ ለዋሉ ሽማግሌና ለአራስ እናት ግን ተራ ነገር አይደለም፤ ተክቢራውን አብረው የሚሉት በዚያ ስክሪን ፊት ነው።

ከዚያ በፊት ያለችው 29ኛው ሌሊት ነች ቴሌቪዥኑ የማይጠፋባት። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ጨረቃ መታየቷን ወይም አለመታየቷን እስኪያሳውቅ ልብስ ሰፊው፣ ሂና የምትቀባው ልጅ፣ ለአርሲ መንገድ ሻንጣ ያሰናዳው አባት ሁሉም ይጠብቃሉ። ዜናው የሚመጣው አንዳንዴ አምሽቶ ነው። እዚህ ላይ የሚቸገሩት ዘካተል ፊጥርን ለመጨረሻዋ ሰዓት ያስቀመጡ ቤቶች ናቸው። ዘካው ለተገቢው ሰው መድረስ ያለበት ከዒድ ሶላት በፊት ነው፤ በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን የአካባቢው እህል። ጨረቃዋ ከታየች ሌሊቱ ብቻ ቀርቷል፤ እህል ነጋዴውም ዘግቷል። ከዒዱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ መስጠት ስለሚቻል፣ በ28ኛው ቀን ስንዴውን ለክተው ለጎረቤታቸው ያደረሱ እናቶች በዚያች ሌሊት ዜናውን የሚጠብቁት እግራቸውን ዘርግተው ነው።